ግላኮማ አለብሽ ከተባልኩ በኋላ መንጃ ፈቃዴ ምን ሆነ?

እንግሊዝ አገር መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዓይናችሁ የሚፈተነው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ፈታኙ ራቅ ብሎ የቆመ መኪና ያሳያችሁና ታርጋውን እንድታነቡለት ይጠይቃችኋል። ርቀቱ 20 ሜትር ነው። ተከታትለው የቆሙ አምስት መኪኖች ያህል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ካልቻላችሁ ሌላ ታርጋ ያሳያችኋል። እሱም ካቃታችሁ ሜትር አውጥቶ ርቀቱን በትክክል ይለካና ሦስተኛ ዕድል ይሰጣችኋል። ሦስተኛውም ካልሆነ ፈተናው ሞተር ሳይነሳ እዚያው ያበቃል። እንግሊዝኛ መናገር የሚከብደው ሰው ያየውን ወረቀት ላይ መጻፍ ይችላል። መነጽር ማድረግም ይፈቀዳል፤ ግን በመነጽር ያለፈ ሰው ሁልጊዜም በመነጽር መንዳት አለበት። መንጃ ፈቃዳችሁ ጀርባ ላይ 01 የሚል ኮድ ካለ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ዓይናችሁ የሚጠይቃችሁ የለም። ካርዱ በየ10 ዓመቱ ሲታደስ የሚፈለገው አዲስ ፎቶ ነው። 70 ዓመት ሲሞላ በየ3 ዓመቱ ማደስ ይመጣል። ያኔም ቢሆን ሰውየው ራሱ "አያለሁ" ብሎ ይሞላል እንጂ መርማሪ ፊት አይቀርብም። እ.ኤ.አ. በ2025 የላንክሻየር የአሟሟት መርማሪ ዳኛ፣ ዓይናቸው በደከመ አሽከርካሪዎች ተገጭተው የሞቱ የአራት ሰዎችን ጉዳይ ከመረመሩ በኋላ አሠራሩ በአውሮፓ ከሁሉም የላላ ነው ብለው ለመንግሥት ጽፈዋል።

እንግዲህ እኔም የዚህ የላላ አሠራር ተጠቃሚ ነበርኩ። ታርጋዬን አንብቤ፣ ፈተናዬን አልፌ፣ ዓመታት ነዳሁ።

ሥራዬ ኬረር ነው። አዛውንቶችን ቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። አንዷን አጥቤ፣ ቁርስ አብልቼ፣ መድኃኒቷን ሰጥቼ ወደሚቀጥለው ቤት እነዳለሁ። በዚህ ሥራ አውቶቡስ እየጠበቁ መዞር የሚታሰብ አይደለም። መኪና ከሌለኝ ሥራ የለኝም። ይህን የምላችሁ በኋላ ለምን እንደፈራሁ እንዲገባችሁ ነው።

የዓይን ምርመራ የሄድኩት ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚገድለውን በሽታ፣ ጠርጥሬ አይደለም። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ካላራቅሁት አልነበብ ስላለኝ ነው። ዕድሜ ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ገዝቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ሩቁን ግን ጥርት አድርጌ አያለሁ። ታርጋማ ከ20 ሜትር አይደለም፣ ከዚያም አርቄ አነባለሁ።

ኦፕቲሺያኗ ገና ሳትጀምር "ቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ ያለበት ሰው አለ?" አለችኝ።

"አባቴ ዓይናቸው ጠፍቶ ነው የሞቱት" አልኳት።

"በምን ምክንያት?"

መልስ አልነበረኝም። እኛ ቤት "የጋሼ ዓይን ጠፋ" ነው የተባለው። ሞራ ይሁን፣ ትራኮማ ይሁን፣ ስኳር ይሁን፣ ለእኛ ለልጆቹ የነገረን የለም። ጸበል ወሰዷቸው። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ተወስደው ነበር። ጊዜው አልፏል ተብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በዱላና በሰው ትከሻ ኖሩ። የበሽታው ስም ግን በቤታችን ተነስቶ አያውቅም።

እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። "ጋሼን ያመማቸው ምን ነበር?" አልኩት። "ዓይናቸውን ነዋ" አለኝ። "ዓይናቸውን ምን?" ትንሽ አሰበና "ግፊት ነው ያሉት መሰለኝ። አዎ፣ የዓይን ግፊት" አለ። ለኦፕቲሺያኗ ስተረጉምላት ወንበሯን አስጠግታ ማስታወሻዋን እንደገና መጻፍ ጀመረች።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምላችሁ ይህን ነው፦ አገር ቤት ደውሉና ጠይቁ። የማን ዓይን ጠፋ? በምን? ግላኮማ በዘር ይሄዳል። አፍሪካዊ ዝርያ ባለን ሰዎች ላይ ደግሞ ይበዛል፤ በዕድሜም ቀደም ብሎ ይጀምራል። የገንዘብም ጉዳይ አለበት። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ 40 ዓመት የሞላውና እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ፣ እህቱ ወይም ልጁ ግላኮማ ያለበት ሰው የዓይን ምርመራው በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) ነፃ ነው። 60 ዓመት ለሞላውና ለስኳር ሕመምተኛም ነፃ ነው። ስኮትላንድ የምትኖሩ ደግሞ ዕድሜ ሳይጠየቅ ለሁላችሁም ነፃ ነው። አልጠየቃችሁም ተብሎ ሊቀርባችሁ የማይገባ ነገር ነው።

ምርመራው አይከብድም። ፊደሉን እስከ ታችኛው መስመር አነበብኩት፤ ኩራቴ ሊነገር አይችልም። ቀጥሎ አንድ ማሽን ዓይኔ ላይ "ፉ!" አለብኝ። አየር ነው፤ ያስደነግጣል እንጂ አያምም። በመጨረሻ የዓይኔን ጀርባ ፎቶ አነሳችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ብርቱካናማ መደብ፣ ቀያይ የደም ሥሮች፣ መሐሉ ላይ ነጣ ያለ ክብ። "ይህ ክብ የዓይን ነርቩ የሚገባበት ነው። መሐሉ ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ካንቺ ዓይን ላይ ሰፋ ብሎብኛል" አለችኝ። ወደ ሆስፒታል ጻፈችልኝ።

ሆስፒታል ያስረዱኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይመነጫል፤ በራሱ መውረጃ ደግሞ ይወጣል። መውረጃው እንደ ወጥ ቤት ሲንክ ሲደፈን ውሃው ይጠራቀምና ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ ነርቩን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። የብዙ ሰው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ነገር ግን ግፊቱ በዚህ መሐል ሆኖም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ። ስለዚህ "ግፊቴ ደህና ነው ተብያለሁ" ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ነርቩም መታየት አለበት። የሞተው ነርቭ አይመለስም። ሕክምናው የቀረውን ማቆየት ነው።

አሁን ወደ መንዳቱ ልምጣ። ግላኮማ መጀመሪያ የሚበላው የጎኑን እይታ ነው። መሐሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ፊደልና ታርጋ የምናነበው ደግሞ በመሐሉ ነው። ሰው የጎኑን እይታ ግማሹን አጥቶም ታርጋውን ፍንትው አድርጎ ሊያነብ ይችላል።

የባሰው ነገር ጉድለቱ አይታወቅም። እኔ ግላኮማ ሲባል ጥቁር ነጥብ ወይም ጭጋግ የሚታይ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ አይደለም። አንዱ ዓይን ያጣውን ሌላው ይሞላለታል። ሁለቱም ያጡትን ደግሞ አእምሮ ከዙሪያው ቀለም ወስዶ ይለጥፈዋል። አስፋልት ካለ አስፋልት፣ አጥር ካለ አጥር ያለብሰዋል። በዚያ በኩል ከእግረኛ መንገድ የወረደ ልጅ ቢኖር የሚታያችሁ ባዶ አስፋልት ነው። ከዚያ ድንገት ልጁ ፊታችሁ ነው። "ከየት መጣ?" ትላላችሁ። ብስክሌተኛ "ከየት መጣ?" የሚል ሹፌር ባየሁ ቁጥር አሁን አሁን ዓይኑን እጠረጥራለሁ።

ጉዳቱ በሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ተገኘ። ቀላል ደረጃ ላይ ነው አሉኝ። ኤስኤልቲ የሚባል ሌዘር ተደረገልኝ። መውረጃውን ከፈት የሚያደርግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ እዚህ አገር ለብዙ አዲስ ሕመምተኞች መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ነው። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ቀን ተደርጎልኝ ማታ ወጥ ሠርቻለሁ። በኋላ የማታ ጠብታም ተጨመረልኝ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀጠሮው ሲያዝ ንገሯቸው፤ በነፃ ነው። እንግሊዝኛ እችላለሁ የምትሉም ብትሆኑ ለመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ስለ ነርቭና ስለ ግፊት ሲያወሩ ኬር ሥራ ላይ የለመድነው እንግሊዝኛ አይበቃም።

ከዚያ ዶክተሯ "መኪና ትነጂያለሽ?" አለችኝ። "ለዲቪኤልኤ ማሳወቅ አለብሽ" አለች። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

እውነቱን ለመናገር ከግላኮማው ይልቅ ይህቺ ያስደነገጠችኝ ትበልጣለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቡና ላይ ሳነሳው ምክሩ ወረደ። "ዝም በይ እባክሽ!" "ማን ያውቅብሻል?" "አንዴ ስምሽ ከገባ አበቃልሽ።" አንዷማ "እኔ ብሆን ሆስፒታሉንም ጥዬ እሄዳለሁ" አለች። ክፋት አይደለም፤ ሁላችንም የምንኖረው በዚያች ካርድ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ግላኮማው በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ከሆነ ማሳወቅ ግዴታው ነው። በአንድ ዓይን ብቻ ሆኖ ሌላው ዓይንም ሌላ ሕመም ካለበት፣ ወይም ባለሙያ የእይታ መስፈርቱን አታሟላም ካለው እንዲሁ። ያላሳወቀ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ሊከሰስ ይችላል፤ ኢንሹራንሱም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ሐኪም ቤት ፋይሌ ላይ "ለዲቪኤልኤ እንድታሳውቅ ተነግሯታል" ተብሎ ተጽፏል። ሰው ገጭቼ ይህ ፋይል ፍርድ ቤት ሲከፈት ታየኝ። ሞላሁና ላክሁ።

በኦንላይን ማሳወቅ ይቻላል፤ ወይም ቪ1 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ስዋንሲ ላለው ቢሮ መላክ ነው። ቅጹ የሐኪማችሁንና የሆስፒታላችሁን አድራሻ ይጠይቃል። የሞላችሁትን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቤት ቀይራችሁ ከሆነ አድራሻችሁን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ደብዳቤው አሮጌ ቤታችሁ ሄዶ መልስ ሳይሰጥ ቢቀር ጣጣው ከበሽታው ይብሳል። እስኪወስኑ ድረስ መንዳት እችላለሁ ወይ ብዬ ዶክተሯን በግልጽ ጠየቅኋት። መስፈርቱን ታሟያለሽ፣ መንዳት ትችያለሽ አለችኝ። ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ ከክፍሉ አትውጡ። አትንዱ ካሏችሁ አለመንዳት ነው።

ቀጥሎ ለእይታ ስፋት ፈተና ጠሩኝ። ኤስተርማን ይባላል። ለብዙ ሰው ጭንቀቱ እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ጨለም ያለች ክፍል ናት። አገጫችሁን መደገፊያው ላይ፣ ግንባራችሁን ማሰሪያው ላይ ታስደግፋላችሁ። ፊታችሁ ትልቅ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ነገር አለ። መሐሉ ላይ ያለችውን መብራት ብቻ እያያችሁ ትቀመጣላችሁ። እጃችሁ ላይ ቁልፍ ይሰጣችኋል። በጎን፣ በላይ፣ በታች ትንንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል። ባያችሁ ቁጥር ትጫናላችሁ። ነጥቦቹ 120 ናቸው። ሁለቱም ዓይኖች ክፍት ናቸው።

ችግሩ ዓይን አይቀመጥም። ብርሃኑን ሊፈልግ ይሮጣል። እኔም ስጀምር ማሽኑ ደጋግሞ አስቁሞኝ ባለሙያው "አትፈልጊው፣ እሱ ይመጣልሻል" አለኝ። ዓይናችሁን መክደን መግለጥ ይፈቀዳል፤ አለበለዚያ ዓይናችሁ ይደርቅና ይደበዝዛል። ቁልፉን ተጭናችሁ ከያዛችሁት ማሽኑ ይቆማል፤ ስትለቁት ይቀጥላል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ናት ያሳየችኝ። ደግሞ እንዳያመልጣችሁ ብላችሁ በግምት አትጫኑ። ያለ ብርሃን የተጫናችሁት ይቆጠራል። ከ20 በመቶ ካለፈ ውጤቱን አይቀበሉትም።

ሆስፒታል የሚሠራው የእይታ ስፋት ምርመራ ከዚህ ይለያል። እዚያ አንድ አንድ ዓይን እየተሸፈነ ነው፤ ብርሃኑም እየደበዘዘ ስለሚሄድ ብዙውን አለማየት የተለመደ ነው። ከዚያ ምርመራ ወጥቼ "አለቀልኝ" ብዬ አልቅሻለሁ። ኤስተርማን ግን ብርሃኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለቱ ዓይኖችም ይረዳዳሉ። የግራ ዓይኔ የሳተውን ቀኙ አየው። የሆስፒታሉን ጥቁር ጥቁር ያለ ወረቀት አይታችሁ መንጃ ፈቃዳችሁን አትቅበሩት።

መስፈርቱ ይህ ነው። ከ20 ሜትር ታርጋ ማንበብ፤ ባለሙያ ጋ በሚለካው ደግሞ 6/12 (ደህና ዓይን ከ12 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ማንበብ ማለት ነው) ወይም ከዚያ የተሻለ፣ በመነጽርም ቢሆን። ስፋቱ ወደ ጎን ቢያንስ 120 ዲግሪ፣ ከመሐል ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያንስ 50፣ 50 የደረሰ። በመሐለኛው 20 ዲግሪ ውስጥ ደግሞ ጉልህ ጉድለት የሌለበት። አልፌ የአጭር ጊዜ መንጃ ፈቃድ ሰጡኝ። ጊዜው ሲደርስ እንደገና እፈተናለሁ። ካርዴ ላይ ከቀኑ በቀር የተለወጠ ነገር የለም፤ አሠሪዎቼም ኮፒውን ወስደው ዝም አሉ።

ሁሉም እንደ እኔ ያልፋል አልልም። ዘግይቶ የደረሰ ይወድቃል። እዚህ ላይ ነው የቡናው ምክር ተገልብጦ የሚታየኝ። ዝም ያለው ሰው ሕክምናውንም ይሸሻል፤ ሕክምናውን ሲሸሽ ስፋቱ ይጠባል፤ በመጨረሻ ፈተናው ሲመጣ የሚወድቀው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮልቸስተር ውስጥ አንድ የ87 ዓመት ሰው በፖሊስ የዓይን ፈተና ወድቀው፣ መንጃ ፈቃድዎን ያስረክቡ ሲባሉ እምቢ ብለው፣ ከቀናት በኋላ የ16 ዓመት ልጅ ገጭተው ገድለዋል። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ መንገድ ላይ ታርጋ አስነብቦ የወደቀ ሰው መንጃ ፈቃዱ በፍጥነት እንዲሰረዝ ማስደረግ ይችላል።

ስለ ጠብታው አንድ ነገር። የእኔ ዓይነቱ፣ ላታኖፕሮስት፣ ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል። የከፈትኩበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ። ምንም ስሜት ስለማይሰጥ መርሳት ቀላል ነው። ጾም ነው ብላችሁ አታቋርጡ። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፤ እኔም እሄዳለሁ። ጠብታዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

የእህቴ ባል ለንደን ውስጥ ሚኒካብ (አስቀድሞ ተጠርቶ የሚመጣ ታክሲ) ይነዳል። ይህን ሁሉ ስነግረው "የእኔ ዓይን እንደ ንስር ነው" አለኝ። እኔም እንዲያ ነበር ያልኩት። እሱ ግን ከእኔ የጠበቀ መስፈርት አለበት፤ የለንደን ታክሲና ሚኒካብ ሹፌር በአውቶቡስና በከባድ መኪና ሹፌር ደረጃ ነው የሚለካው። የተሻለው ዓይን 6/7.5፣ ሌላው ቢያንስ 6/60። የመነጽሩ ኃይል ከ+8 የበለጠ መሆን የለበትም። ስፋቱ 160 ዲግሪ፣ ወደየጎኑ 70፣ ወደ ላይና ወደ ታች 30። የእሱ እናት ዓይናቸው በምን እንደደከመ ጠይቅ አልኩት። ደወለ። ግላኮማ ነው።

አሁን ቀጠሮ ይዟል። ትናንት ደግሞ ደውሎ "በአንድ ዓይኔ ብቻ ቢሆንስ፣ ሌላው ደህና ከሆነ መናገር አለብኝ?" አለኝ። ለራስህ መኪና ብቻ ቢሆን ሌላው ዓይንህ ጤነኛ እስከሆነና መስፈርቱን እስካሟላህ ድረስ ግዴታ የለብህም አልኩት። አውቶቡስና ከባድ መኪና የሚነዱት ግን በአንድ ዓይንም ቢሆን ለዲቪኤልኤ ያሳውቃሉ። አንተ በእነሱ መስፈርት የምትለካ ስለሆነ የሚኒካብ ፈቃድ ለሰጠህ ክፍልም መንገር አለብህ፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፣ አንዱ ለሌላው ይነግርልኛል ብለህ እንዳትቀመጥ።